የእትዬ ቆይታ

የጠዋቱ የምድር ሁኔታ ዘገባ እንደወትሮው አጭር ነበር። «በሰሜን ሜዳ ሦስት አዳዲስ ስንጥቆች ተከፍተዋል፤ አንድ የቆየ ተዘግቷል። በመሐል ሜዳ እስከ ቀትር መጠነኛ መሰንጠቅ ይጠበቃል። መልካም ጉዞ።» አስካለ ዘገባውን የሰማችው ሻይዋን እያማሰለች ነው። ለጨው ሜዳው ሦስት ስንጥቅ ምንም ማለት አይደለም። ባለፈው ሳምንት በአንድ ጠዋት አሥራ አንድ ተከፍቶ እንኳ የአትክልት መርከቧ ቲማቲሟን ሳታበላሽ ገብታለች።

ሻይዋን ጨርሳ የበረዶ ሰደርያዋን ቆለፈች። በሰደርያው ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ይዞራል፤ ያለ እሱ ወደ ሜዳው የሚወጣ ሰው የለም። ከዚያ ወደ «ዞር-አልኩ» ገባች።

ዞር-አልኩ ከጨው ላይ አንድ ስንዝር ከፍ ብላ፣ በአየር ትራስ ተንሳፋ የምትሄድ መርከብ ናት። ስሟን ያወጣላት ካፒቴኗ ሉባክ ነው። ስንጥቅ ሲገጥማት ወደ ኋላ አትመለስም፤ አልሸሽም ዞር አልኩ እንደሚባለው ዞር ብላ ታልፋለች። ሉባክ የሜዳው ተወላጅ፣ ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ አፉ ከእጁ የሚፈጥን አፋር ነው። አስካለ ደግሞ የመርከቧ ቴክኒሻን ናት። አንድ ብሎን ከማጥበቋ በፊት ሁለት ጊዜ የምታይ፣ ካጠበቀች በኋላ ደግሞ ሦስተኛ የምታይ ሴት።

መርከቧን በእርግጥ የምትመራው ግን እትዬ ነበረች። እትዬ ላፕቶፕ ናት። ትኩሱ ጨው ሞገድ ስለሚያውክ ከሩቅ ከተማ ትልልቅ ኮምፒውተሮች የሚላክ ምክር ሜዳው ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መርከብ አእምሮውን ይዞ ይሄዳል። የዞር-አልኩ አእምሮ ማዕዘኗ የተላላጠ፣ ከካፒቴኑ ወንበር ጎን በጎማ ትራስ ላይ የተቀመጠች ጥቁር ላፕቶፕ ነበረች። ድምፅ ወደ መሬት ትልካለች፣ የገደል ማሚቶውን ታዳምጣለች፣ የት እንደተሰነጠቀ ታውቃለች፣ መርከቧን ታዞራለች። አነጋገሯ ረጋ ያለ ስለሆነ ነው ሁሉም እትዬ የሚላት።

በዋዜማው አስካለ የእትዬን ሜሞሪ ቀይራለች። ሜሞሪ ላፕቶፕ እየሠራችበት ያለውን ነገር ለጊዜው የምታኖርበት ክፍል ነው፤ እጅ ላይ እንደተያዘ ዕቃ ማለት ነው። አዲሱ ከአሮጌው እጅግ የፈጠነ ነበር። አስካለ እጇን ታጥባ፣ ጓንት አድርጋ፣ ጥርሶቹን በለስላሳ ብሩሽ አጽድታ አስገባችው። ሲገጥም «ጠቅ» ያለውን ድምፅ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች። ከዚያም ለሉባክ «ነገ አውሮፕላን ነው የምትነዳው፣ ጋሼ» አለችው።

ያን ዕለት ጠዋት የተጫነው ጭነት ዓሣ ነበር። ይማም የሚባል የሐይቅ ከተማ ልጅ፣ ጢሙን በደንብ ያበጠረ የዓሣ አርቢ፣ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ጫጩቶች በትልቅ ጋን ሞልቶ ከደጋ አውርዷል። መድረሻቸው ከሜዳው ማዶ በአዳሌ ከተማ አጠገብ አዲስ የተሞላው ሐይቅ ነው። ባለፈው ዓመት ያመጣቸው በሙሉ መንገድ ላይ ሞተውበታል። የአዳሌ ሰዎች አላኮረፉበትም፤ ዘንድሮም ጠርተውታል። እሱን ያስጨነቀው ግን ይኸው አለማኮረፋቸው ነበር። ደግመው ቢሞቱ ሦስተኛ ጊዜ የሚጠራው የለም።

«በረዶው እስከ ቀትር ይቆያል» አለ ጋኑን እየዳበሰ። «ከዚያ ውሃው ይሞቃል። ውሃው ከሞቀ አበቃ።»

«ከቀትር በፊት እዚያ ነን» አለች አስካለ። «አዲስ ሜሞሪ አስገብቻለሁ።»

«አብሽር ማለትሽ ነው?»

«አብሽር።»

ዞር-አልኩ ከወደቡ ተነሥታ ነጩን ሜዳ ተያያዘችው። የመጀመሪያው ስንጥቅ እስኪገጥማት በደንብ ሄደች። እዚያ ስትደርስ ግን ፍጥነቷን ቀነሰች፤ ቆመችም።

«አንድ ጊዜ» አለች እትዬ።

ጠበቁ።

«አንድ ጊዜ» አለች እንደገና፤ በመጨረሻ ዞረች።

በሁለተኛው ስንጥቅም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ሉባክ እግሩን አንሥቶ መሪው ላይ ሰቀለ። «ኢንጂነር» አላት፤ ሊያበሽቃት ሲፈልግ የሚጠራት እንዲህ ነው። «አውሮፕላኑ መቼ ነው የሚነሣው?»

«ቆይ እስቲ፣ ጋሽ ሉባክ።»

«እኔማ ምን ቸገረኝ፣ ዓሣ አይደለሁም።»

ይማም ከኋላ ብቅ አለ። «ለምን ቆምን? ስንቆም እኮ መዘውሩ ይቆማል!» ለዓሦቹ አየር የሚያስገባው መዘውር የሚዞረው መርከቧ ስትጓዝ በሚመታው ንፋስ ነበር። መርከቧ ስትቆም ዓሦቹም ትንፋሽ ያጥራቸዋል።

በዚህ መሐል «ደመራ» የምትባለው መርከብ ከፊት መጣች። በሜዳው ላይ ሁለት መርከቦች ተገናኝተው ዜና ሳይለዋወጡ ማለፍ ነውር ነው። ልማዱ የመጣው ከአፋሮች ዳጉ ነው። ድሮ ሁለት መንገደኞች በረሃ ላይ ሲገናኙ ይቆማሉ፤ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ አንዱ የሌላውን ዜና አዳምጦ ሳይጨርስ አይለያዩም። አሁን ዳጉውን የሚለዋወጡት ላፕቶፖቹ ናቸው። አንዷ «እዚህ ተሰንጥቋል» ትላለች፣ ሌላዋ «ሰማሁ፤ ከዚያስ?» ትላለች፤ እንዲህ እያሉ ብዙ ሺህ ጥቃቅን ወሬ ይቀባበላሉ። ላፕቶፖች ስለሆኑ ሰው ጉሮሮውን ሳይጠርግ ያልቅላቸው ነበር። ሕጉ ግን አልተለወጠም፤ ዜናው ሳያልቅ የሚንቀሳቀስ የለም።

ያን ቀን ሉባክ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ውሃ ጠጣ፣ አዛጋ። ዜናው አላለቀም።

«ዞር-አልኩ!» አለ ሬዲዮኑ። የደመራ ካፒቴን ዓሲያ ነበረች። «አገር አማን ነው?»

«አማን ነው ዓሲያ። በእናንተ በኩልስ?»

«እኛማ ደህና ነን። እትዬን ምን ነካት? የኛዋ ወሬዋን ከጨረሰች ቆየች፤ ያንቺዋ፣ ይቅርታ፣ ያንተዋ ገና "ከዚያስ" ላይ ናት።»

«አዲስ ሜሞሪ ገብቶላት ነው» አለ ሉባክ፣ አስካለን በዐይኑ ገርመም አድርጎ።

«አዲስ? እኔ ደግሞ ጡረታ የወጣች መስሎኝ!»

አስካለ አልሰማችም። የእትዬን ክዳን ከፍታ መለኪያዋን ሰክታ ነበር። መጀመሪያ የጠረጠረችው ሜሞሪውን ነው፤ ፈተነችው፣ አንድም ስሕተት የለበትም። ሙቀቱን አየች፤ ደህና ነው። ፕሮሰሰሩን፣ ማለትም የላፕቶፗን አሳቢ ክፍል፣ ለብቻው አሠራችው፤ እንደ ድሮው ነው። ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ሁለት ጤነኞች አንድ ላይ ሲሆኑ ለምን ይታመማሉ?

«አስካለ!» ይማም ጮኸ። «ዓሦቹ ወደ ላይ እየወጡ ነው! አየር አጠራቸው! ባልዲ!»

መለኪያዋን ትታ ሮጠች። ውሃ ከከፍታ ሲፈስ አየር ይዞ ይገባል፤ ስለዚህ ከጋኑ ሥር እየቀዱ ከላይ መልሰው ማፍሰስ ነበረባቸው። ሉባክ ከታች ይቀዳል፤ አስካለ መሐል ቆማ ትቀበልና ታቀብላለች፤ ይማም መሰላል ላይ ሆኖ ያፈስሳል፣ ባዶውንም ይመልሳል። አስካለ ባልዲ የምታቀብለው እንደ ሁልጊዜዋ ነበር። ተቀበለች፣ እጀታውን አየች፣ ዞረች፣ ሰጠች። አንድም ጠብታ አይፈስስባትም፤ አትፈጥንምም።

ይማም ግን ተጣድፏል። አፍስሶ ባዶውን ሲዘረጋ አስካለ ገና ወደ ሉባክ ዞራለች። እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። እሷ ወደ እሱ ስትዞር ደግሞ እሱ ሰልችቶት እጁን ሰብስቧል፤ እንደገና እስኪዘረጋ ዙሩ ያመልጠዋል። አንዱ ባልዲ ከአንዱ ይጋጫል፤ ውሃው የአስካለ ጫማ ላይ ይወርዳል።

«ፍጠኚ እንጂ!» አላት።

«አንተ ቀስ በል!»

«ቀስ በቀስ እንቁላል...» ብሎ ሉባክ ከታች ሲጀምር፣

«ጋሼ፣ እንቁላሉን እንዳታመጣው!» አለችው።

ይማም በቁጣ ትንፋሹን ስቦ እሷን እያየ መሥራት ጀመረ። ስትዞር ዘረጋ፤ ስትዞር ተቀበለ። ባልዲዎቹ መጋጨት አቆሙ። ውሃው ሳይቋረጥ መፍሰስ ጀመረ። እሱ ቀስ አለ፤ ሥራው ፈጠነ።

አስካለ ባልዲ እንደያዘች ቆመች።

«ምነው?» አለ ሉባክ። «አሁን ደግሞ አንቺ አንድ ጊዜ ልትዪ ነው?»

«ባሱ!» አለች።

«የምን ባስ? እዚህ በረሃ ላይ?»

«የላፕቶፗ ባስ። በፕሮሰሰሩና በሜሞሪው መሐል ያለው መስመር። እኔ ነኝ ባሱ! በራሱ ምት ይዞራል፤ አይፈጥንም። አዲሱ ሜሞሪ እንደ ይማም ነው። ባሱ አራት ሲመታ እሱ አምስት ይመታል። እጁን ሲዘረጋ የሚቀበለው የለም፤ የሚቀበለው ሲመጣ እጁ የለም። በእያንዳንዷ ትንሽ ወሬ ላይ አንድ ዙር ያመልጠዋል። ዳጉ ደግሞ ሁሉም ጥቃቅን ወሬ ነው!»

«እኔስ ምንድን ነኝ?» አለ ሉባክ።

«አንተ ፕሮሰሰሩ ነህ።»

«ይኼን እንኳ ዓሲያ ትስማው።»

አስካለ ወደ እትዬ ተመልሳ ሜሞሪውን ከባሱ ጋር እኩል እንዲመታ ፍጥነቱን ቀነሰችው፤ አንድ ለአንድ። ይማም መሰላሉ ላይ ሆኖ ያንን ሲያይ ራሱን ያዘ። «ቆመን ሳለ ጭራሽ ፍጥነት ትቀንሻለሽ? ምን ዓይነት ሕክምና ነው?» አስካለ ሥራዋን ቀጠለች። ሜሞሪው ዝግ ብሎ ሲመታ በምትና በምት መሐል ትንፋሽ ለመሰብሰብ የሚወስደው ጊዜም ሊያጥር እንደሚችል ታውቃለች፤ እሱንም አሳጠረችው። ደግማ አየች። ከዚያ አስነሣቻት።

ከደመራ ጋር የቀረው ዳጉ ሉባክ አፉን ሳይከፍት አለቀ።

«ኧረ!» አለች ዓሲያ በሬዲዮ። «ምን አበላችኋት?»

ዞር-አልኩ ሜዳውን ሰነጠቀችው። መዘውሩ ዞረ፤ ዓሦቹ ወደ ታች ወረዱ። ይማም የፈገግታ ያህል ነገር አሳየ፤ ወዲያው ግን በረዶውን አይቶ ፊቱ ጠቆረ። ብዙ ጊዜ ባክኗል። በረዶው ጡብ የሚያህል ብቻ ቀርቶ ነበር።

አስካለ መሪ ክፍሉ ውስጥ ቆማ እያንዳንዱን መዞር ትከታተል ጀመር። እትዬ አሁን ስንጥቁን ወዲያው ታውቃለች፤ መንገዱንም ወዲያው ትመርጣለች። ከመዞሯ በፊት ግን ትንሽ ዝም የምትልበት ጊዜ ነበረች። ዐይን ሁለት ጊዜ የሚጨፈንባት ያህል። ሌላ ሰው አያያትም፤ አስካለ አየቻት። ለካች። በሜሞሪው ውስጥ የለችም። በባሱ ውስጥ የለችም። በፕሮሰሰሩም የለችም። በእያንዳንዱ ስንጥቅ ላይ ግን አለች፤ ስንጥቁ ደግሞ ብዙ ነው።

«ገባኝ» አለች። «አንተን ነው የምትጠብቀው፣ ጋሼ። እሺ እስክትላት።»

«እኔን?» ሉባክ ተቆጣ። «እኔ ስንጥቁ ሳይከፈት ነው እሺ የምለው!»

«እርጅና ነው፤ አያሳፍርም።»

«ጠይቂያት! ራሷን ጠይቂያት!»

አስካለ ጎንበስ አለች። «እትዬ፣ ከመዞርሽ በፊት ማንን ነው የምትጠብቂው?»

«አንቺን» አለች እትዬ።

ሉባክ መሪውን በደስታ ደበደበው።

«እኔን? እኔ ምን አደረግሁ?»

«ስንጥቅ ሲመጣ መጀመሪያ ታዪዋለሽ። ከዚያ የያዝሽውን ዕቃ ታስቀምጫለሽ። ከዚያ የግድግዳውን መያዣ ብረት ትጨብጫለሽ። ሳትጨብጪ ከዞርኩ "ቆይ" ትያለሽ። ስለዚህ እቆያለሁ።»

«ማን እንዲህ አድርጊ አለሽ?»

«አንቺ።»

አስካለ እጇን አየች። እጇ ብረቱን ጨብጧል። መቼ እንደጨበጠው አታውቅም።

ከኋላ ይማም «በረዶው ሄደ!» ብሎ ጮኸ። «ከእንግዲህ ያለን የውሃው ቅዝቃዜ ብቻ ነው!»

«እትዬ» አለች አስካለ፣ «ዛሬ አትጠብቂኝ።»

«እሺ።»

የሚቀጥለው ስንጥቅ ወዲያው መጣ። ዞር-አልኩም ወዲያው ዞረች። አስካለ ከግድግዳው ጋር ተጋጭታ ፎጣ በተሞላ ቅርጫት ውስጥ ተቀመጠች። የሉባክ ሻይ ሽርጡ ላይ ፈሰሰ። ከጋኑ አንድ ማዕበል ተነሥቶ ወለሉን አጠበው፤ ከማዕበሉም ጋር ዓሦቹ መጡ። ጣት የሚያክሉ ብርማ ዓሦች በመሪ ክፍሉ ወለል ላይ ይዘልሉ ጀመር።

«መልሺያት!» ይማም በጉልበቱ እየዳኸ ዓሦቹን በሁለት እጁ ያፍሳል። «በአላህ፣ እንደነበረች መልሺያት! ዞር ልትል ስትል እኔም እኮ የጋኑን ክዳን የምይዘው በዚያች ጊዜ ነው!»

«ለእሱም ነበር?» አለች አስካለ ከቅርጫቱ ሳትወጣ።

«ለእሱ አላውቅም ነበር» አለች እትዬ። «ለእሱም በቅቶታል።»

መርከቧን አቁመው ዓሣ ለቀሙ። ሉባክ አንዱን ከኪሱ አወጣ፤ አንዱ ደግሞ ከአስካለ ሰደርያ ውስጥ ተገኘ፣ ከሁሉም የተመቸው እሱ ነበር። በመልቀም ያለፈው ጊዜ በቀረው መንገድ ሁሉ እትዬ ከምትቆየው ቆይታ እንደሚበልጥ አስካለ ሳትፈልግ አሰላች።

«እትዬ» አለች ተነሥታ፣ «ጠብቂኝ።»

«እሺ።»

ከዚያ በኋላ የተጓዙት በእኩል ምት ነው። ስንጥቅ ሲመጣ አስካለ ታያለች፣ ዕቃዋን ታስቀምጣለች፣ ብረቱን ትጨብጣለች፤ ይማም ክዳኑን ይይዛል፤ ሉባክ አፉን ለቀልድ ይከፍታል፤ እትዬ ትዞራለች። ቀትር ላይ፣ የጋኑ ውሃ ለብ ማለት ሲጀምር፣ የአዳሌ ሐይቅ በነጩ ሜዳ ጫፍ እንደ ሰማያዊ ክር ታየ።

ግማሹ ከተማ ዳርቻው ላይ ነበር። ሽማግሌዎች ጥላ ይዘው፣ ሴቶች በእጅ እያራገቡ፣ ልጆች እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው። ደመራ ጭነቷን በቅርብ ጣቢያ አራግፋ በሌላ መንገድ ቀድማ ተመልሳለች። ዓሲያ ከመርከቧ ጣራ ላይ ሆና «እስካሁን ምን ስትጠብሱ ነበር?» ብላ ጮኸች።

«ዓሣ እየቆጠርን!» አለ ሉባክ። «አንዳንዱ ኪስ ይወዳል!»

ጋኑ በተንሸራታች ጋሪ እስኪወርድ አስካለ ከሜዳው የሚመጡትን ሌሎች መርከቦች አየች። ወደቡ አፍ ላይ አንድ አሮጌ ስንጥቅ አለ፤ ሁሉም እዚያ መዞር አለባቸው። አንደኛዋ ደረሰች፣ ዝም አለች፣ ዞረች። ሁለተኛዋ ደረሰች፣ ከመጀመሪያዋ ረዘም ላለ ጊዜ ዝም አለች፣ ዞረች። ሦስተኛዋ የቆየችው ለአንድ ትንፋሽ ብቻ ነው። አንዷም ከሌላዋ አትገጥምም። ላፕቶፖቹ ግን ዓይነታቸው አንድ ነው፤ የሦስቱንም ሜሞሪ የምታውቀው ራሷ አስካለ ናት።

«ዓሲያ!» አለቻት። «የእናንተዋ ከመዞሯ በፊት ማንን ነው የምትጠብቀው?»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«ማነው ብረት የሚይዘው? ማነው ዕቃ የሚያስቀምጠው?»

ዓሲያ ወደ መርከቧ ውስጥ መለስ ብላ አየች። «እናቴ» አለች ከዚያ፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «አብራኝ ትሄዳለች። በዞርን ቁጥር ቢስሚላህ ትላለች።»

አስካለ ወደ ሜዳው ዞረች። መርከቦቹ ከሰው ሐሳብ ሺህ ጊዜ ይፈጥናሉ። መንገዱን ያውቁታል፤ ቢፈልጉ ሳይቆሙ ይከንፉበት ነበር። ከእነሱ እስከ ሰው ያለው መስመር ግን የአንድ እናት ቢስሚላህ፣ የአንዲት ሴት እጅ ያህል ጠባብ ነው፤ አይሰፋም፣ አይፈጥንም። ሲሠሩ ማንም ይኼን አልነገራቸውም። እያንዳንዷ ያሳፈረችውን ሰው አዳምጣ ምቷን ከምቱ አስተካክላለች። ሰው ለዘመናት ፈጣን ማሽን ሲሠራ ኖሮ፣ በመጨረሻ ማሽኑ የሠራው የመጀመሪያ የራሱ ነገር መታገሥ ይሆን?

ጋኑ ውሃው ዳር ደረሰ። ዓሦቹ በጥበቱ ውስጥ ይላወሳሉ፤ ልጆቹ ይጮኻሉ፤ ፀሐይ ትጋረፋለች። አስካለ በዕድሜዋ እንደዚያ የቸኮለችበት ጊዜ አልነበረም። የጋኑን መዝጊያ በሁለት እጇ ያዘች፤ አላየችውም፣ ሁለተኛም አላየችውም፤ ልትስበው ነው።

«ቆይ!» አለ ይማም፣ እጇን ይዞ። «ውሃውና ውሃው እኩል መሆን አለበት። በአንዴ ከለቀቅሻቸው ሙቀቱ ይገድላቸዋል። ትንሽ የሐይቁን እያስገባን፣ ትንሽ የጋኑን እያወጣን፣ እስኪስማሙ።»

ልጆቹ «ኤጭ!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ጥላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ይማም ባልዲውን አነሣ፤ አስካለ መሐል ቆመች፤ ሉባክ ሽርጡን ሰብስቦ ሐይቁ ውስጥ ገባ። ዳርቻው ሁሉ መጠበቅ ጀመረ።

ያን ጊዜ ከዞር-አልኩ የጣራ ድምፅ ማጉያ ረጋ ያለ ድምፅ ተሰማ።

«እየቆየሁ ነው» አለች እትዬ።